በዓይን ላይ የበቀለ ሥጋ፦ ሁሉም ያየዋል፣ ምንነቱን ግን ላቦራቶሪ ይናገራል



ባለፈው የክረምት እረፍት ከመካከላችን አንዱ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ቤት ሲደርስ አጎቱን በግራ ዓይናቸው ላይ፣ ነጩና ጥቁሩ በሚገናኙበት ጠርዝ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ሥጋ በቅሎባቸው አገኛቸው። አጎቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰሊጥና ማሽላ ያረሱ ሰው ናቸው። «አቧራ ነው፣ ይለቀኛል» አሉት። ነገሩን ሲያጣራ ግን ሥጋው አዲስ አልነበረም። ከዓመት በፊት አንድ ቦታ ተቆርጦላቸው፣ በስድስት ወሩ ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ደግሞ ከበፊቱ ፈጥኖ እያደገ ነው።

ተረዳድተን ጎንደር አመጣናቸው። የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያው ካዩዋቸው በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ይህን ነበር፦

«አባባ፣ ያኔ የተቆረጠው ሥጋ ተመርምሮ ነበር? የውጤት ወረቀት አለዎት?»

«ኧረ ልጄ፣ እሱማ ተጣለ። ከተቆረጠ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «እንግዲህ ከዜሮ ልንጀምር ነው» አሉ። በዕለቱ አብረን የነበርን ተማሪዎች የዚያን መልስ ትርጉም የተረዳነው ቆይተን ነው። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ሐኪሞችን ጠይቀን፣ የሕክምና ተማሪ ወንድሞቻችንን አስቸግረን፣ አንብበን የተረዳነውን ለእናንተ ማካፈል ግዴታችን መስሎ ታየን። በተለይ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከገንዳ ውኃና ከአካባቢው ቆላ ለመጣን ተማሪዎች ጉዳዩ የቤታችን ጉዳይ ነው።

የዓይን ገጽ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የዓይናችንን ነጭ ክፍልና የቆባችንን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍን፣ እንደ ስስ ላስቲክ የሚያሳልፍ እርጥብ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮንጃንክቲቫ ይሉታል። በመሀል ያለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት የጠራው ክፍል ኮርኒያ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ክብ ጠርዝ ላይ ሴሎች ያለማቋረጥ ይባዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚነሣው ከዚሁ ጠርዝ ነው።

ሽፋኑን እንደ ቤት ወለል ብናስበው ይቀለናል። ላይኛው ንጣፍ የሴሎች ድርድር ነው። ከንጣፉ ሥር ደግሞ የደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ ስብና እንደ ክር የተሸመነ ማያያዣ ሥጋ አሉ። እነዚህ ከሥር ያሉት በአንድነት ለስላሳ ህብረ ህዋስ ይባላሉ። ከላይኛው ንጣፍ የሚነሣ ዕጢ አለ፤ ከሥር ከለስላሳው ህብረ ህዋስ የሚነሣም አለ። የመጀመሪያው የተለመደ ነው፤ ሁለተኛው ብርቅ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም «ሥጋ» ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። በአገራችን በዓይን ላይ የታየን ነገር ሁሉ «ሞራ» ማለት የተለመደ ነው። የዓይን ሞራ ከኮርኒያው ጀርባ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። በዓይን ላይ ከፍ ብሎ የሚበቅል ሥጋ ሞራ አይደለም።

አንድ መልክ፣ ብዙ በሽታ

ከተለመደው ወደ ብርቁ እንሂድ።

በጣም የተለመደው ቴሪጂየም የሚባለው ነው። በአፍንጫ በኩል ካለው የዓይን ጥግ ተነሥቶ፣ እንደ ሦስት ማዕዘን ሹል ሆኖ ወደ ኮርኒያው ይሄዳል። ካንሰር አይደለም። መድረሳ የቀራን ሰዎች የሚገርመን፣ የጥንት ዐረብ ሐኪሞች ይህን በሽታ «ዘፈራ» ይሉት ነበር፤ ዙፍር ከሚለው፣ ጥፍር ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። ቅርጹን ላየ ሰው ስሙ ልክ ነው።

ሁለተኛው ከላይኛው ንጣፍ የሚነሣው ካንሰርና የእሱ ቅድመ ደረጃ ነው። በዓይን ገጽ ላይ ከሚወጡ የካንሰር ዓይነቶች በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ነጣ ያለና ሻካራ፣ ወይም እንደ አበባ ጎመን የተቆጣጠረ፣ ወይም ሮዝ ሆኖ ወፍራም የደም ሥር የሚመግበው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ቴሪጂየም መምሰሉ ነው ክፋቱ።

ቀጥሎ ብርቆቹ ይመጣሉ። ካፖሲ ሳርኮማ ከደም ሥር ሴሎች የሚነሣ ነው፤ ደም የቋጠረ መስሎ ይታያል። ተራ የዓይን ደም መቋጠር በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል፤ ይህ ግን አይጠፋም። ማይክሶማ እንደ ጄሊ የሚያብረቀርቅ፣ የማያምም፣ በዝግታ የሚያድግ ነው፤ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይመስላል። አንዳንዴ በልብ ውስጥ ተመሳሳይ ዕጢ እንዳለ የሚጠቁም ስለሆነ ሐኪሙ ልብንም ያስመረምራል። ፋይብረስ ሂስቲዮሳይቶማ ከማያያዣው ሥጋ የሚነሣ፣ ቢጫ ነጭ ጠንካራ እብጠት ነው። ከነርቭ መሸፈኛ የሚነሡም አሉ።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው በሕፃናት ላይ የሚመጣው ራብዶማዮሳርኮማ ነው። የጡንቻ ባሕርይ ያላቸው ሴሎች ካንሰር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ጀርባ ወይም ዙሪያ ይነሣል፤ አልፎ አልፎ ግን መጀመሪያ የሚታየው በዓይን ነጩ ላይ እንደ ሮዝ እብጠት ሆኖ ነው። በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። የአንድ ልጅ ዓይን በአጭር ጊዜ አብጦ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም።

በተቃራኒው ምንም የማያስፈራም አለ። ከተወለደ ጀምሮ በዓይኑ ጠርዝ ላይ ነጭ እብጠት ያለው፣ አንዳንዴም ፀጉር የበቀለበት ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ደርሞይድ ይባላል፤ ካንሰር አይደለም። ሰዎች ግን ስለ ልጁ ብዙ ያወራሉ፤ ወላጆችም ያፍራሉ።

ለምን በእኛ ቆላ?

አንደኛው ምክንያት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እዚህ ላይ ሙቀትና ጨረር እንዳይምታቱብን። የመተማ ሙቀት በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍም ዓይንን የሚጎዳው ሙቀቱ አይደለም፤ እንዲያውም ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። በቆላ ያለው ችግር የሰዓቱ ርዝመት ነው። የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ጥላ የለውም። ገበሬውና በየዓመቱ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከንጋት እስከ ምሽት በሜዳ ይውላሉ። መተማ በ13 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በቀትር በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች።

ለምህንድስና ተማሪ ደስ የሚል ስሌትም አለ። ሚናስ ኮሮኔዮ የተባሉ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም እንዳሳዩት፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ኮርኒያው ላይ ሲያርፍ፣ ኮርኒያው እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ በአፍንጫ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ያሳርፈዋል። ትኩረቱ እስከ 20 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ተሰልቷል። ቴሪጂየም በአፍንጫ በኩል የሚበዛበት አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው። ስለዚህ ከፊት ብቻ የሚሸፍን መነጽር አይበቃም፤ ጎንን የሚከልልና ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ኤች አይ ቪ ነው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የዓይን ገጽ ካንሰር የመከሰት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በወጣቶችም ላይ ይመጣል፤ ካፖሲ ሳርኮማም እንዲሁ። መተማ የድንበር ከተማ ናት፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው ይመላለስባታል። ሐኪም በዓይኑ ላይ ሥጋ ያየበትን ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢጠይቀው ስለ ሥነ ምግባሩ እየፈረደ አይደለም። ብዙዎች ይህን ጥያቄ ፈርተው ከሕክምና ይቀራሉ። እኛም በወሬያችን ፍርሃታቸውን ባንጨምርባቸው መልካም ነው።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ታሪክ። መቼ ጀመረ? በሳምንት ነው በዓመት ያደገው? ደምቷል? ከዚህ በፊት ተቆርጧል? ተመልሶ የመጣ ሥጋ ሁሉ ጥርጣሬን ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ማየት። ሐኪሙ ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ፣ ቀጭን የብርሃን ጨረር እያሳለፈ አጉልቶ ያያል። ቆቡንም ገልብጦ ያያል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ካደረገ በኋላ ሥጋውን በጥጥ ቀስ ብሎ ይገፋዋል። ከሽፋኑ ጋር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ገና ከላይ ነው፤ ከሥሩ ካለው ነጭ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። የአንገትንና የጆሮ ግንድን ዕጢዎችም ይዳስሳል።

ሦስተኛ፣ መለካትና ፎቶ። ዛሬ 4 ሚሊ ሜትር የነበረ ከወር በኋላ 6 መሆኑን የሚያውቅ የለካ ሰው ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ቀለም። ቶሉዲን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይጠበቅና ሥጋው ቀለሙን መያዝ አለመያዙ ይታያል። በኬንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከላይኛው ንጣፍ በሚነሣው ካንሰር ከተያዙ 100 ሰዎች 92ቱ ቀለሙን ይይዛሉ። ይህን ሰምተን «አለቀ፣ መመርመሪያው ተገኘ» ልንል እንችላለን። ሌላኛው ቁጥር ግን ካንሰሩ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ቀለሙን የማይዙት 31 ብቻ መሆናቸው ነው።

እስቲ እናስላው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ሥጋ የበቀለባቸው 100 ሰዎች መጡ፤ ካንሰሩ ያለባቸው 20ዎቹ ናቸው እንበል። ከ20ው 18ቱ ይቀለማሉ፤ 2ቱ ያመልጣሉ። ካንሰሩ ከሌለባቸው 80 ደግሞ 55ቱ ይቀለማሉ። በድምሩ የተቀለሙት 73 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በትክክል ካንሰሩ ያለባቸው 18 ብቻ፣ ማለትም ከአራት አንድ። «ተቀለመ» ማለት «ካንሰር ነው» ማለት አይደለም። ቀለሙ ይበልጥ የሚጠቅመው ባልተቀለመው ላይ ነው፤ ከ27ቱ 25ቱ ነፃ ናቸው። እሱም ቢሆን ሁለት ሰዎች አምልጠውታል። ቀለሙ የተፈተነው ደግሞ ለተለመደው ካንሰር ነው። ከንጣፉ ሥር ለተደበቀ ብርቅ ዕጢ፣ የላይኛውን ቆዳ የሚያቀልም ነገር ብዙ አይነግረንም።

አምስተኛ፣ ናሙና። ወደ ቁርጥ መልስ የሚያደርሰው ይህ ነው። ትንሽ ሥጋ ከሆነ ሐኪሙ በዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ክፍል ጨምሮ፣ ዕጢውን በመሣሪያ ሳይነካካ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ትልቅ ከሆነ ወይም ሌላ ዓይነት ሕክምና የሚያስፈልገው ከመሰለ መጀመሪያ ቁራጭ ብቻ ይወስዳል።

ከመቀስ እስከ ማይክሮስኮፕ

የአጎታችን ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዓይን ገጽ የሚወጣ ሥጋ ስስ ነው፤ እንዲሁ ከተተወ ይጠቀለላል፤ ከተጠቀለለ ጠርዙና መሀሉ አይለይም። ስለዚህ በትንሽ ወረቀት ላይ ይዘረጋል፤ አፍንጫ በኩል ያለው ጎን ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ መጠኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ በሆነ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። በውኃ ወይም በደረቅ ፋሻ ከተቀመጠ ሴሎቹ ይበሰብሳሉ ወይም ይደርቃሉ። ብልቃጡ ላይ ስም፣ ቀን፣ የቀኝ ወይም የግራ ዓይን መሆኑ ይጻፋል።

ላቦራቶሪ ሲደርስ በሰም ውስጥ ይጋገርና እጅግ በቀጭኑ ተቆርጦ ይቀለማል። ፓቶሎጂስቱ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፦ ምንድን ነው? ጠርዙስ ንጹሕ ነው? ጠርዙ ላይ የካንሰር ሴል ከታየ በዓይን ላይ ቀሪ አለ ማለት ነው።

ብርቆቹ ለስላሳ ዕጢዎች አስቸጋሪ የሚሆኑት እዚህ ነው። የማያያዣ ሥጋ፣ የጡንቻ፣ የነርቭና የደም ሥር ዕጢዎች ሴሎቻቸው ብዙ ጊዜ ረዘም ያሉና ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ፣ ልክ እንደ እንዝርት ናቸው። ይባስ ብሎ የተለመደው ካንሰርም አንዳንዴ ይህንኑ መልክ ይይዛል። በተራው ማቅለሚያ አይለዩም። ያን ጊዜ በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት ጥቅም ላይ ይውላሉ። ኬራቲን ካለ ሴሉ ከላይኛው ንጣፍ ነው፤ ዴስሚን ካለ የጡንቻ ባሕርይ አለው፤ ኤስ 100 ካለ የነርቭ መሸፈኛ ወይም ሜላኖማ ሊሆን ይችላል፤ ሲዲ 31 ካለ የደም ሥር ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ተሰባስበው ነው የሚመሰክሩት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። ለተለመደው ካንሰር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፍሎሮዩራሲል የሚባል ጠብታ ለአራት ሳምንት መጠቀም ይረዳል፤ በኬንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ዕጢው የተመለሰባቸው ጠብታውን ካገኙት ከመቶ 11፣ ካላገኙት ከመቶ 36 ነበሩ። የልጁ ራብዶማዮሳርኮማ ግን በመርፌና በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒትና ብዙ ጊዜም የጨረር ሕክምና ይፈልጋል። ለአንዱ መዳኛ የሆነው ለሌላው ጊዜ ማባከኛ ነው።

የቀደሙት ያስተማሩን

ኩል የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚሁ ሥር የዐረብኛው «ከሕሓል» ወጥቷል፤ የዓይን ሐኪም ማለት ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በባግዳድ የነበሩት ዐሊ ኢብን ዒሳ «ተዝኪረቱል ከሕሓሊን» በሚባለው መጽሐፋቸው ወደ 130 የሚጠጉ የዓይን በሽታዎችን አስፍረዋል። መጀመሪያ የዓይንን አሠራር፣ ቀጥሎ ለስሜት ግልጽ የሆኑትን በሽታዎች፣ በመጨረሻ ስውሮቹን አስቀመጡ። የዓይን ገጽ ዕጢ ለስሜት ግልጽ ከሆኑት ወገን ነው፤ መልኩ ግልጽ ይሁን እንጂ ምንነቱ ግን ስውር ነው።

መታከም ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ፣ ሰበብ ማድረስም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተማርነው መሆኑን ኡስታዞቻችን ደጋግመው ነግረውናል። ቤተሰብ «ዐይን ነው» ብሎ ሩቅያ ቢያደርግ ከሐኪም የሚያስቀር ምክንያት የለውም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የዛፍ ወተትና የተቀጠቀጠ ቅጠል ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ዓይንን ይጎዳል።

ለእረፍት ስንወርድ

ከመተማ ዮሐንስ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ ጎንደር ለመድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ ገበሬ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና ከእርሻ መቅረቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መንገዱን የሚያሳጥር ማንኛውም ነገር ዋጋ አለው። ከእኛ የሚጠበቁትን እንዘርዝር፦

1. የወላጆቻችንን፣ የአያቶቻችንንና የታናናሾቻችንን ዓይን በቀን ብርሃን እንይ።

2. እያደገ ያለ፣ የሚደማ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ደም የቋጠረ የሚመስል፣ ተቆርጦ የተመለሰ፣ ወይም በአንድ ዓይን ብቻ ያለ ሻካራ ሥጋ ካየን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ሪፈር እናስጽፍ። የልጅ ዓይን በፍጥነት ካበጠ በዚያው ቀን እንነሣ።

3. በስልካችን ፎቶ አንሥተን ቀኑን እንጻፍ። ሐኪሙ ያድጋል ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይኖረናል።

4. ሥጋው የሚቆረጥ ከሆነ በትሕትና እንጠይቅ፦ «ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል? ውጤቱን መቼና ከማን እንቀበል?»

5. የውጤቱን ወረቀት ፎቶ እናንሣ፣ ዋናውን ለቤተሰብ እናስቀምጥ። ሕመምተኛው ዳነ ቢባልም ቀጠሮውን እናስታውሰው።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ትልልቅ መሣሪያ የመሥራት ሕልም አለን። አልሐምዱሊላህ፣ ሕልሙ ጥሩ ነው። ግን ለአጎታችን የጎደላቸው ትልቅ መሣሪያ አልነበረም፤ ስማቸው የተጻፈበት አንድ የፎርማሊን ብልቃጥ ነው።

የሁለተኛው ናሙናቸው ውጤት እንዲህ ሆነ። ፓቶሎጂስቱ እንዝርት የመሰሉ ሴሎች አይተው ብርቅ የለስላሳ ሥጋ ዕጢ እንዳይሆን ጠረጠሩ። በሰም የተቀመጠው ናሙና ለተጨማሪ ማቅለሚያ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ከሳምንታት በኋላ ኬራቲን ተገኘበት ተባለ፤ መልኩን የቀየረው የተለመደው ካንሰር ነበር። አንዱ ጠርዝ ንጹሕ ስላልነበረ እንደገና ትንሽ ተነሣላቸውና ጠብታው ተሰጣቸው። ዓይናቸው ድኗል፤ እይታቸው ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። የመጀመሪያው ቁራጭ ቢመረመር ኖሮ ይህ ሁሉ ከዓመት በፊት በታወቀ ነበር።

ከሰው አካል የተወሰደች ቁራጭ አማና ናት፤ ባለቤቷ ስለ ራሱ ማወቅ ያለበትን ይዛለች። ለእረፍት ስንወርድ ይህን ለቤተሰቦቻችን እንንገራቸው፤ በአጎታችን የደረሰው በሌላ ሰው እንዳይደርስ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።